የቅዳሜው ጠረጴዛ

ኦሃዮ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2016

ለተከበሩ ሚስ ቬርሊን ፐርቪስ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬ ይቅደም። የባለቤትዎን መታሰቢያ የነፃ ትምህርት ዕድል ማግኘቴን የሚገልጸው ደብዳቤ፣ መጨረሻው መስመር ላይ «ተሸላሚዋ በየወሩ አንድ ደብዳቤ በእጇ ጽፋ ለጠበቃው ባለቤት ትልካለች» ይላል። የመጀመሪያው ወር ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሰበብ መደርደር እችል ነበር። እውነቱ ግን ለማላውቃቸው ትልቅ ሴት ምን እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን እርስዎ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ እኛ የማብሪ ልጆች ከኋላ ነበር የምንቀመጠው። ባርኔጣዎን እንጂ ፊትዎን በቅጡ አላየሁም።

ጠበቃ ፐርቪስን ግን አስታውሳቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያቺን ተጣጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ልብስ ይዞ የመጣ ሁሉ ማሽኑ እስኪያቆም ድረስ ኑዛዜውን በነፃ ሳያጽፍ አይለቁትም። አያቴ «እኔ ገና አልሞትኩም፣ ምን አስቸኮለህ?» ብሎ ተቆጣቸው። እሳቸውም «ሚስተር ማብሪ፣ የሞተ ሰው መፈረም ስለማይችል ነው ዛሬ የያዝኩህ» አሉት። አያቴ እየሳቀ ፈረመ። ያ ወረቀት ባይኖር የአጎቶቼ ልጆች ስድስት ከተማ ተበትነው ሳለ መሬቱ ከአያቴ በኋላ በእጃችን አይቆይም። ለሕግ ትምህርት እዘጋጃለሁ ያልኩትም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

እዚህ ደህና ነኝ። ምሳዬን የምበላው ደረጃ ላይ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ማን አጠገብ እንደምቀመጥ አላወቅሁም።

በአክብሮት፣
ኬዛያ ማብሪ


ኖርዝ ካሮላይና፣ ኦክቶበር 23 ቀን 2016

ልጄ ኬዛያ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ስለ ጤናዬ ላልሽው፣ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሌላው ደህና ነው። አንቺ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ «የተከበሩ»፣ በሁለተኛው «እጅግ የተከበሩ» ብለሽኛል። በዚሁ ከቀጠልሽ ለገና ጳጳስ ልታደርጊኝ ነው። ሚስ ቬርሊን ይበቃል።

ካንቺ በፊት የነበሩት ስንት እንደጻፉ ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ልጅ አራት ደብዳቤ ጽፎ ጠፋ። ሁለተኛዋ የታተመ ካርድ ላከችልኝ፣ ከሥሩ ስሟ ብቻ። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ናቸው። ያንቺን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቴ ነው፣ ምን ያስዋሸኛል።

የአያትሽን ፊርማ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን እንደ መጥረቢያ ነበር የጨበጠው። ሕጉ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዷ እኔ፣ ሌላው የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ዶብስ። የዚህ አገር ግማሽ ሰው ኑዛዜ ላይ ስሜ አለ።

ስለ ቤቱ ጠይቀሻል። ቤቱ ቆሟል። በረንዳው ላይ ሁለቱ ወንበሮች አሉ። በአንዱ እኔ እቀመጣለሁ፣ ሌላው ላይ የመጣልኝን ፖስታ አስቀምጣለሁ።

ደረጃ ላይ አትብዪ። ሰው የሌለበት ጠረጴዛ ፈልጊና ቁጭ በዪ። ባለቤቴ ሌሙኤል «መጀመሪያ ጠረጴዛህን ዘርጋ፣ ሰው ራሱ ይመጣል» ይል ነበር። እሱ ሲለው ቀላል ይመስል ነበር።

ሚስ ቬርሊን


ኦሃዮ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2016

ውድ ሚስ ቬርሊን፣

እንደመከሩኝ አደረግሁ። ሦስት ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን አንዲት የክሊቭላንድ ልጅ የቲማቲም ድልህ ጠርሙሱን ልትወስድ መጥታ ቁጭ አለች። ብዙ አታወራም። ግን በማግስቱም መጣች።

ዛሬ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። መምህራችን የምናውቀውን ሰው ኑዛዜ ቅጂ ይዘን እንድንመጣና በክፍል ውስጥ እንድናስረዳ አዛናለች። ሌላው ተማሪ ከኢንተርኔት አንዱን አውርዶ ይመጣል። እኔ ግን የጠበቃ ፐርቪስን የራሳቸውን ባገኝ ብዬ ተመኘሁ። ለስንቱ የጻፉ ሰው ለራሳቸው እንዴት አሳምረው ጽፈውት ይሆን! የሚደበቅ ቦታ ካለው ይሸፍኑት። ከምስጋና በዓል በፊት ቢደርሰኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ያንቺው ልበል ይሆን? እናቴ ድፍረት ነው አለችኝ።

ኬዛያ


ኖርዝ ካሮላይና፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2016

ልጄ፣

ያንቺው በዪ። እናትሽን አትስሚያት፣ ሰላም ግን በያት።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ለምስጋና በዓል የስኳር ድንች ኬክ ትጋግሪ ይሆናል፤ ድንቹን የምትቀቅዪው ከሆነ ተሳስተሻል፤ ከነልጣጩ ነው የሚጠበሰው፣ ያለዚያ ውኃ ይይዛል። የክሊቭላንዷ ልጅ የማታወራው ጠባይዋ ይሆናል፣ አትጫኛት። እዚህ ዝናቡ አላባራም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማፍሰሱን ያው ቀጥሏል።

የጠየቅሽኝ ወረቀት ዕቃ ውስጥ ነው፣ ዕቃው ደግሞ ተጠቅልሏል። ቤቱን ላስቀባ አስቤ ነው። የአያትሽን ውሰጂ፣ እሱም ደህና ተደርጎ የተጻፈ ነው። ከአሁን በኋላ ደግሞ ከታች በጻፍኩልሽ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኪልኝ። ፖስተኛው አዲስ ነው፣ ቤት ያሳስታል።

ቬርሊን


ኦሃዮ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2017

ውድ ሚስ ቬርሊን፣

ለገና መጥቼ ነበር፣ ያውቃሉ። ኬክ ይዤ በርዎን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መጋረጃው ተነቃነቀ። በነፋስ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩና ኬኩን ደጃፉ ላይ ትቼ ሄድኩ።

ከመሄዴ በፊት ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩት። የሰው በር ላይ ያለ ወረቀት ማንበብ ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ነው። ዲትሮይት የሚኖሩት የጠበቃ ፐርቪስ ልጆች፣ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዷቸው ሁለቱ፣ ቤቱ ተሸጦ ድርሻቸው እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል ይላል። «ያለ ኑዛዜ የሞተው» ይላል። አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስሙን አሳስተው ይሆናል አልኩ።

ቤቱን ሊያስቀቡ እንዳልሆነ ገባኝ። ሌላ ምንም አልገባኝም። መምህራችን ባሏ የሞተባት ሴት ቤቱ ውስጥ የመኖር መብት አላት ብላን ነበር፤ እሱስ የለም? ቢነግሩኝ ለማንም አልናገርም። ካልነገሩኝም መጻፌን አልተውም። ከመታሰቢያው ኮሚቴ ከዲያቆን ባርፊልድ ጋር ደግሞ አንድ ነገር ተነጋግረን ነበር፣ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትዎታለሁ።

ያንቺው፣
ኬዛያ


ኖርዝ ካሮላይና፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2017

ልጄ ኬዛያ፣

መጋረጃው የተነቃነቀው በነፋስ አይደለም። እዚያው ቆሜ ነበር። ከከፈትኩልሽ ማልቀሴ ነው ብዬ ፈራሁ። ይቅር በዪኝ። ኬኩን በላሁት፤ አሁንም ድንቹን ቀቅለሽዋል።

ኑዛዜ የለም። ይኸው፣ ተጻፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለፓስተሩም ለእህቴም ያልነገርኩት ነው።

አልጻፈም እንዳትዪ። ከቀብሩ በሳምንቱ መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት። ሦስት ገጽ ነው፣ በታይፕ አሳምሮ መትቶታል፣ ቤቱ ለቬርሊን ይላል። የፊርማው መስመር ባዶ ነው። የምስክሮቹም ባዶ ነው። ቀኑ ጋ «ቅዳሜ» ብሎ ቁጥሩን ክፍት ትቶታል።

ለምን እንዳልፈረመ ትጠይቂኛለሽ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ምስክሮቹ ሁለት ነበርን፣ እኔና ሚስተር ዶብስ። ለአገሩ ሁሉ እኔ እበቃለሁ፣ ለእሱ ግን አልበቃም። ወራሽ ምስክር አይሆንም። ከተሰለፈው ሰው አንዱን ጠርቶ «ቆይ፣ መጀመሪያ የራሴን ልጨርስ» ማለት ነበረበት። ሌሙኤል ደግሞ ሰው አቁሞ የራሱን የሚያስቀድም ሰው አልነበረም። «የሚመጣው ቅዳሜ፣ ቬር» ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት «የሚመጣው ቅዳሜ» አለኝ። በመጨረሻ የሚመጣው ቅዳሜ ቀብሩ ሆነ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚሉት ይህንን ነው።

ቤቱ የእናቱ ነበር፣ ስሜ የለበትም። ያልተናዘዘ ሰው ቤት ለሚስትም ለልጆችም ይካፈላል። ቤት ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ካልተስማሙ ይሸጣል። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። አባታቸው ቅዳሜውን ሁሉ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ያደጉ ናቸው፣ ከዚህ ቤት ምን ትዝታ አላቸው?

መምህርሽ ስለነገረችሽ ስለ ባልቴት መብት ጠይቀሻል። አዎ፣ አንድ በር ነበር። ቤቱ ቢካፈልም ዕድሜ ልኬን እዚያው ልኑር ብዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት እችል ነበር። ለዚያ ግን ሌላ ጠበቃ ቢሮ ገብቼ «ሌሙኤል ፐርቪስ ሳይፈርም ሞተ» ማለት ነበረብኝ። ያን ዓመት ዲያቆን ባርፊልድ ኮሚቴውን ሰብስቦ ይህንን መታሰቢያ ሊያቋቁም ላይ ታች ይል ነበር። የነሐስ ሰሌዳም አስቀርጾ ነበር፤ «ማንም ቤቱን እንዳያጣ ያስተማረን» ይላል። ሰሌዳውን ያቀፍኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶም ተነሥቻለሁ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልናገር? ዓመቱ አለፈ፣ በሩም ተዘጋ።

አሁን አደራዬን ስሚ። ኤፕሪል የመጀመሪያው ቅዳሜ የመታሰቢያው እራት ነው፣ አንቺም ንግግር አለብሽ። አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ። ከተሰማ እነዚህ ሰዎች ይስቁበታል፣ ገንዘብ የሚያዋጣም አይኖርም፣ ካንቺ በኋላ የሚመጣ ልጅም አይኖርም። ቤቱ ይሂድ። ስሙን ግን ተዉልኝ፣ ከእሱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ቬርሊን


ኦሃዮ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017

ውድ ሚስ ቬርሊን፣

ተናድጃለሁ። መጀመሪያ በእሳቸው ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በእርስዎ፣ ከዚያ ያንን ሰሌዳ በቀረጸው ሰውዬ። ስም ሳልጠራ መምህሬን ደግሜ ጠየቅኳት። «በጊዜው ቢሆን ኖሮ» አለችና ራሷን ነቀነቀች። የክሊቭላንዷ ልጅ ምን ሆነሻል ብትለኝ ጥርሴን አሞኛል አልኳት። ቃሌን እጠብቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበል። ለገና አያቴን ስለ ጎረቤቶቻችን ጠየቅሁት። ጠበቃ ፐርቪስ ከሞቱ ወዲህ በእኛ መንገድ አንድ ሰው ኑዛዜ አልፈረመም። ሁሉም «እሱ ቢኖር ኖሮ» ይላል። አያቴ «ሰውየው የጀመረልንን ሁሉ ጨርሶ ሄደ፣ እኛ ነን ሰነፎች» አለኝ። በርዎ ላይ ያነበብኩትን አለመናገሬ አቃጠለኝ።

ፈተና ስላለብኝ ለእራቱ አልመጣም። እንደ ልማዱ ያልመጣ ተሸላሚን ንግግር የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህ አብሬ ልኬዋለሁ። ውሸት የለበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግማሹን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ምን እንደምጽፍበት አላወቅሁም። ዝም ብለው ይለፉት።

ያንቺው፣
ኬዛያ


ኖርዝ ካሮላይና፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017

ልጄ ኬዛያ፣

ሰው ነግሮሽ ይሆናል፤ ስልክ የሚባል ነገር አለ። ቢሆንም ከእኔ ስሚው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዓሣው ተጠብሶ፣ ጎመኑ ቀርቦ፣ ሰው እየበላ ንግግርሽን አነበብኩ። የአያትሽ ቀልድ ጋ ሳቁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ባዶው ጋ ደረስኩና ልዘለው ስል አየሁት። ልክ እንደ ፊርማው መስመር ነው። ሌሙኤል የተወው ባዶ፣ አንቺ የተውሽው ባዶ። በመሐል እኔ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ባዶ።

መነጽሬን አወለቅሁና ተናገርኩት። ሁሉንም። መሳቢያውን፣ ቅዳሜውን፣ በሬ ላይ የተለጠፈውን። «እናንተ ቤታችሁ ያለው እሱ የራሱን ስላሳደረ ነው» አልኩ። ስንት ደቂቃ እንደተናገርኩ አላውቅም። ከኋላ አንድ ሰው ሹካ ጣለ።

ዲያቆን ባርፊልድ ተነሣ። ሊያስቀምጠኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይህንን ሌሙኤል የጻፈልኝ በ2009 ነው። ቤት ወስጄ ላስብበት ብዬ ተቀብዬው አልፈረምኩትም። ባለቤቴ ተፈርሟል ብላ ነው የምታውቀው» አለ። ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች። «አንተ ሰውዬ፣ ቤት እንገናኝ» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ ያልፈረሙትን መናገር ጀመሩ። በሌሙኤል የሳቀ አላየሁም። ያለቀሰ አይቻለሁ።

ትናንት ጠረጴዛውን ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ አወጡት። ከጎረቤት አውራጃ አንዲት ወጣት ጠበቃ መጥታ ተቀመጠች፣ እኔም ምስክር ሆንኩ። እጄን እስኪደክመኝ ፈረምኩ።

ታሪኩ በመልካም አለቀ ብለሽ እንዳትጽፊ። ቤቱ ማክሰኞ ተሸጧል። አልሄድኩም። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፣ በረንዳ የለውም። ከወንበሮቹ አንዱን ወሰድኩ፣ ሁለተኛው አልገባም። ሰው ሁሉ ቅዳሜ ያቅፈኛል፤ ሰኞ ግን ሰኞ ነው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። አንዳንዴ ዜናውን አብረን የምናይ ይመስለኛል።

ከተናዘዝኩ አይቀር የቀረችኝን አንዲት ውሸት ልንገርሽ። በየወሩ ደብዳቤ ጻፊ የሚለው መስመር የኮሚቴው አይደለም። የኮሚቴውን ደብዳቤዎች በታይፕ የምመታው እኔ ነኝ። ከሥሩ እኔ ጨመርኩት። ቤቱ ዝም ብሎብኝ ነበር። ስለዚህ ነፃ ነሽ ልጄ፤ ዕድሉ ያንቺ ነው፣ ብትጽፊም ባትጽፊም ማንም አይነካብሽም። እስካሁን ለጻፍሽው አመሰግናለሁ፤ ስላስገደድኩሽም ይቅርታ።

ቬርሊን


ኦሃዮ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2017

ውድ ሚስ ቬርሊን፣

አውቅ ነበር። ለገና ለዲያቆን ባርፊልድ «የወሩን ደብዳቤ ገና አልጻፍኩም» ስለው «የምን ደብዳቤ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ አራተኛው ነው።

አዲሱን አድራሻዎን በትክክል ይጻፉልኝ፤ ስድስትዎ ዜሮ ይመስላል። ጁን ላይ ሁለት ሳምንት እመጣለሁ። በር ይክፈቱልኝ።

ያንቺው፣
ኬዛያ


ኖርዝ ካሮላይና፣ ጁላይ 9 ቀን 2017

ልጄ ኬዛያ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ መለስኩልሽ። ኦሃዮ በደህና በመግባትሽ ደስ ብሎኛል። ቤተ መጻሕፍቱ በክረምት ሥራ ስለሰጠሽም እንዲሁ። አንቺ ከሄድሽ ክፍሉ መልሶ ሰፋብኝ። ቀን ወጥቼ እመለሳለሁ፣ የሚያስቸኩለኝ የለም። የክሊቭላንዷ ልጅ ስሟ ማን ነበር? ነግረሽኝ ረሳሁት።

ቅር እንዳለሽ ገብቶኛል። ጁን ላይ እዚህ ሳለሽ፣ ያን ቅዳሜ እኔ የራሴን ኑዛዜ ልፈርም ስል አንቺን በረዶ ግዢ ብዬ ላክሁሽ። ስትመለሺ ሚስተር ዶብስና ዲያቆን ባርፊልድ ምስክር ሆነው ፈርመው ጨርሰዋል። «እኔ እዚያው እያለሁ፣ የማያውቁኝ ይመስል ለምን ራቅ አደረጉኝ? ዕድሜዬ ደርሷል፣ እኔ ለምስክርነት አልበቃም ነበር?» ብለሻል። ወረቀቱ ላይ አንዲት ጠብታ አይቻለሁ፣ የሻይ ናት ብዬ ልለፋት።

ቤት የለኝም፣ ልጅ አልወለድኩም። ለመናዘዝ ምን አለኝ ብዬ በራሴ አሹፌ ነበር። ባርኔጣዎቼን ለእህቴ ተናዘዝኩ። ወንበሩን ለሚስተር ዶብስ ሰጠሁት፣ ልብስ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጥበት። ደብዳቤዎችሽና የሌሙኤል ያልተፈረመው ወረቀት በአንድ ካርቶን ናቸው። ካርቶኑና ተጣጣፊው ጠረጴዛ ስም ተጽፎባቸዋል።

የሕግ ተማሪ ነሽ፤ ይህንን እኔ ልነግርሽ አይገባም ነበር። ወራሽ ምስክር አይሆንም።

ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው። ካርቶን አጣጥፈሽ ከሥሩ አድርጊበት፣ ሌሙኤልም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ያንቺው፣
ቬርሊን